ቀዩ መስመር በቱርካና አያልፍም

ይድረስ ለጋዜጣው የአንባብያን ዓምድ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ጅማ የሚደርሰው ከታተመ ሰንብቶ ነውና ደብዳቤዬ ቢዘገይ አትፍረዱብኝ። የምጽፈው የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ስለሰፈረባት ደሴት ስለ ዲዬጎ ጋርሲያ ስላወጣችሁት ጽሑፍ አይደለም፤ ጽሑፉ ደኅና ነበር። የከነከነኝ አጠገቡ ያለው ካርታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሚዙሪ ግዛት ካለው የዋይትማን አየር ኃይል ሰፈር ተነስቶ ሕንድ ውቅያኖስ መካከል እስካለችው ደሴት የሚዘልቅ ቀይ መስመር በማስመሪያ ቀጥ ተደርጎ ተሰምሯል። ከሥሩም «የቦምብ ጣዮቹ አጭሩ የበረራ መንገድ» ይላል። አጭሩ መንገድ ያ አይደለም። የሚበረርበትም ያ አይደለም።

እዚህ ምን እንዳስከተለ ልንገራችሁ። የስፌት መኪናዬን የምዘረጋው ፈረንጅ አራዳ ከአንድ ቡና ቤት በረንዳ አጠገብ ነው። አንድ ጋዜጣ ከጠዋት እስከ ማታ ስንት ሰው እጅ እንደሚገባ እናንተም አታውቁትም። ቀዩ መስመር በሞሪታኒያ ወደ አፍሪካ ይገባል፣ ማሊን፣ ኒጀርንና ቻድን ይሰነጥቃል፣ በጁባ አጠገብ አልፎ ቱርካና ሐይቅን ይረግጥና በደቡብ ሶማሊያ ዳርቻ ወደ ባሕር ይወጣል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «እንግዲያው በኦሞራቴ በኩል ነዋ የሚያልፉት!» አለ። አንዱማ ሌሊት ድምፃቸውን እሰማለሁ እስከማለት ደረሰ። ከጅማ እስከ መስመራችሁ ድረስ በአየር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እንዲህ ያለ ጆሮ ካለው ለምን ደላላ ሆኖ እንደቀረ አይገባኝም። ሌላው ደግሞ ነገሩን ወደ ፖለቲካ ወሰደው፤ «መንግሥት ሳይነግረን ሰማያችንን አከራይቶ ይሆናል» አለ። ወሬ የሚነሳው እንዲህ ነው፤ በአንድ ማስመሪያ።

አንተ ማን ነህና ትሉኝ ይሆናል። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ደብረ ዘይት፣ ዛሬ ቢሾፍቱ በሚባለው ከተማ፣ አየር ኃይል ፓራሹት ክፍል ነበርኩ። ፓራሹት መፈተሽ፣ የተቀደደውን መስፋት፣ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ማስገባት ነበር ሥራችን። አብራሪ አልነበርኩም፣ ናቪጌተርም፣ ማለትም የበረራ መንገድ ቀያሽም፣ አልነበርኩም። ነገር ግን የናቪጌተሮቹ የካርታ ቦርሳ ሲቀደድ ወደ እኛ ማሽን ይመጣል፣ ባለቤቱም እስኪሰፋለት ቁጭ ብሎ ያወራል። አንድ መቶ አለቃ እጄ ላይ የነበረውን ክር ወስዶ ሁለት ሩቅ ከተሞችን በሉል ላይ ያገናኘበትን ቀን አልረሳውም። ክሩ እኔ ከጠበቅሁት በጣም ወደ ሰሜን ሄደ። «ይኼ ታላቁ ክብ ይባላል፤ ምድርን እኩል ለሁለት የሚከፍል ክብ ቁራጭ ነው፤ በሉል ላይ ከዚህ የሚያጥር መንገድ የለም» አለኝ። ነገሩ የገባኝ ወዲያው ነው፤ ምክንያቱም ፓራሹት ሰፊ ነበርኩ።

ፓራሹት ሲዘረጋ ጉልላት የሚሆነው ከአንድ ሰፊ ጨርቅ ስለተቆረጠ አይደለም። ከላይ የጠበበ ከታች የሰፋ ቁራጭ ጎን ለጎን እየተሰፋ ነው ጉልላቱ የሚወጣው። የትምህርት ቤት ሉልም አሠራሩ ያው ነው። ወረቀቱ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ ወገቡ የሰፋ ቁራጭ ሆኖ ይታተምና ኳሱ ላይ ጎን ለጎን ይለጠፋል፤ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ መጋጠሚያው ይታያችኋል። ያንን ወረቀት ልጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ብትዘረጉት ወገቡ ላይ ይገናኛል እንጂ ከላይና ከታች በየመሐሉ ክፍተት ይቀራል። ካርታ ሠሪ ክፍተቱን የሚደፍነው ወረቀቱን በመሳብ ነው፤ ወደ ዋልታዎቹ በቀረበ ቁጥር አብዝቶ ይስባል። እ.ኤ.አ. በ1569 ካርታውን ያወጣው መርካቶር የአገሮቹ ቅርጽ እንዳይጣመም ወደ ጎን በሳበው ልክ ወደ ላይም ሳበው። ለዚህ ነው ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክል መስላ የምትታየው። በእውነቱ አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች።

መርካቶርን አልወቅስም። እሱ የሠራው ለመርከበኛ ነው። በእሱ ካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ መስመር የኮምፓሱን ቁጥር ሳይቀይሩ የሚሄዱበት አቅጣጫ ነው፤ ውቅያኖስ ላይ ለሚዋልል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ቀጥ ያለው መስመር አጭሩ ነው ያለው ግን እሱ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ።

ወደ ልኬቱ ልምጣ። አንድ ትምህርት ቤት ሲያስወግድ የገዛሁት ሉል አለኝ። እግሩ ተሰብሮ በሽቦ አስሬዋለሁ፣ ሶቭየት ኅብረትም አሁን ድረስ አለችበት፣ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል። ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በላዩ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ማለት ወደ 425 ኪሎ ሜትር ነው። ዲዬጎ ጋርሲያ አልተጻፈችበትም፤ ከማልዲቭስ በታች፣ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ወደ ደቡብ ወርጄ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረግኋት። ከጅማ ራሱ 4,300 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ከዚያ ክር ወስጄ አንዱን ጫፍ ሚዙሪ ላይ፣ ሌላውን ነጥቤ ላይ ይዤ ወጠርኩት። መጀመሪያ ሆን ብዬ በአፍሪካ ላይ ነበር ያስተኛሁት። ሳጠብቀው አልቆም አለ፤ እየተንሸራተተ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ አውሮፓን ወጥቶ ላይኛው ጫፍ ደረሰና እዚያ ጸና። የተወጠረ ክር ሁልጊዜ አጭሩን ነው የሚፈልገው። ቡና ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ ሲኒውን ይዞ መጣ።

ሜትሬን ብለካበት ክሩ ከ38 ሳንቲ ሜትር ትንሽ አለፈ። የእናንተን ቀይ መስመር ደግሞ አገር በአገር እየተከተልኩ በጠመኔ ሉሉ ላይ አሰመርኩና ለካሁት፤ 42 ከምናምን ሆነ። ክርና ጠመኔ አላመንኩም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ኢንጂነሪንግ የሚማር ደንበኛዬ ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ የሁለቱን ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ሰጥቼው በካልኩሌተር አሠራሁት። ታላቁ ክብ ወደ 16,250 ኪሎ ሜትር መጣ። የእናንተ መስመር ወደ 17,950 ኪሎ ሜትር። «አጭሩ» ያላችሁት መንገድ 1,700 ኪሎ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው፤ ከጅማ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ሄዶ ገና ይተርፈዋል።

አነሳሱም ሌላ ነው። በእናንተ መስመር የሚሄድ አብራሪ ከዋይትማን ሲነሳ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ አዙሮ በኮምፓስ 107 ዲግሪ ላይ ይይዛል። በአጭሩ የሚሄደው ግን 26 ዲግሪ ላይ ነው፤ ወደ ሰሜን ሊሄድ የተነሳ ነው የሚመስለው። ካናዳን በኦንታሪዮና በኩቤክ ሰሜናዊ ክፍል ያቋርጣል፣ ግሪንላንድን ያልፋል፣ በግሪንላንድ ምሥራቅ ዳርቻ 70ኛው ዲግሪ ላይ ከደረሰ በኋላ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። ኖርዌይን፣ ስዊድንን፣ ፊንላንድን ይነካል። ከዚያ በሴንት ፒተርስበርግ አቅራቢያ ወደ ሩሲያ ይገባል።

እዚህ ላይ ነው ቡና ቤቱ ጸጥ ያለው። ክሩ በሞስኮ ላይ ነበር። ክሬ ወፍራም ነው ብዬ ለተማሪው እንደገና አስላ አልኩት፤ መንገዱ ከሞስኮ መሐል ከተማ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚያልፈው። ከዚያ አስትራካን፣ ካስፒያን ባሕር፣ ቀጥሎ የኢራን ጎርጋን፣ ከዚያ ምሥራቃዊ የኢራን በረሃ፣ ከዚያ ሕንድ ውቅያኖስ። የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ቢ-2 የሚያድርበት ሰፈርና የአሜሪካና የእንግሊዝ የጋራ ጦር ሰፈር የሆነችው ደሴት በአጭሩ የሚገናኙት በሞስኮና በኢራን በኩል ነው! አፍሪካን በጭራሽ አይነካም። የኦሞራቴ ሰዎች በሰላም ይተኙ።

መንገዱ ይህን ያህል መጉበጡ የሆነው ሁለቱ ቦታዎች በምድር ጀርባና ፊት ለመሆን ጥቂት ስለቀራቸው ነው። ሚዙሪ ላይ ረጅም መርፌ ወግታችሁ በምድር እምብርት ብታሳልፉት ጫፉ ብቅ የሚለው በደቡባዊ ሕንድ ውቅያኖስ ነው። አዲስ አበባና ናይሮቢን ብታገናኙ በማስመሪያም በክርም ያው ነው፤ ቅርብ ነውና ልዩነቱ አይታይም። ስሕተቱ የሚያድገው ርቀቱ ሲያድግና ሁለቱ ቦታዎች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ሲራራቁ ነው።

ሁሉም አመነ ማለት አይደለም። ደላላው «ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ወደ ሰሜን ይነሳል ትለኛለህ?» ብሎ ያዘኝ። ያዳኑኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ። «የእኔ ልጅ ሚኒሶታ ነው» አሉ። «መስጊዳቸው ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው ያዞረው። መካ በካርታ ላይ ከሚኒሶታ በስተደቡብ ምሥራቅ አይደለችም? በስልክ ተቆጥቼው ነበር፣ ቂብላችሁ ጠፍቶባችኋል ብዬ። ኋላ ኢማማቸው በሉል አሳዩኝ አለ።» እውነት ነው፤ በሰሜን አሜሪካ አብዛኞቹ መስጊዶች የሚዞሩት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ የቂብላው ስሌት ይኸው ታላቁ ክብ ነው። ከጅማ ቂብላው ወደ ሰሜን ሆኖ 12 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስለሚያዘነብል እኛ ዘንድ ካርታና ሉል አይጣሉም። ደላላው በእኔ ክር ያላመነውን በሐጂ ቂብላ አመነ። ቅር አላለኝም።

አሁን ደግሞ ሌላኛው ነገር፤ ለእኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው ይከብዳል። አጭሩን መስመር አስተካክላችሁ ብታትሙት እንኳ «የበረራ መንገድ» ብላችሁ ልትጽፉበት አይገባም። ቦምብ ጣይ በሞስኮ ላይ አይበርም። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት፣ ኢትዮጵያም የገባችበት፣ በ3ኛው አንቀጹ የመንግሥት አውሮፕላን፣ ማለትም የጦር፣ የፖሊስና የጉምሩክ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ በሌላ አገር ላይ መብረር እንደማይችል ይደነግጋል። ለመንገደኛ አውሮፕላን የሚከፈት ሰማይ ለጦር አውሮፕላን አይከፈትም። ስለዚህ የጦር በረራ መንገድ የሚሰመረው በግማሹ በሉል፣ በግማሹ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1986 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 1978። የአሜሪካ ኤፍ-111 አውሮፕላኖች እንግሊዝ አገር ካለው ሌክንሂዝ ተነስተው ትሪፖሊን ሊደበድቡ ነበር። በታላቁ ክብ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፈረንሳይን ሰንጥቆ ይወርዳል። ፈረንሳይ በእኔ ላይ አታልፉም አለች፣ ስፔንም እንዲሁ። ፖርቱጋልን በባሕር ዞረው በጂብራልታር ጠባብ በር ገቡ። ደርሶ መልሱ ወደ 13 ሰዓት ፈጀ፤ በመንገድ ላይ ደጋግመው በአየር ነዳጅ ቀዱ። በዚያ ቀን የመንገዱን ቅርጽ የወሰነው የምድር ክብነት ሳይሆን የሁለት መንግሥታት እምቢታ ነው።

ዋይትማንና ዲዬጎ ጋርሲያም እንደዚሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2001 ቢ-2ዎች ከሚዙሪ ተነስተው አፍጋኒስታንን ሲመቱ የሄዱት ወደ ምሥራቅ አልነበረም፤ በፓስፊክ ዞረው ነው። አንደኛዋ ከ44 ሰዓት በላይ በአየር ላይ ቆይታ ያረፈችው ዲዬጎ ጋርሲያ ላይ ነው። አብራሪዎቹ እዚያ ወረዱ፣ ሌሎች ሁለት ተተኩ፣ ሞተሯ ሳይጠፋ ተመለሰች። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ኢራን ላይ ለተሰነዘረው ጥቃት ደግሞ ሰባቱ ወደ ምሥራቅ በአትላንቲክ በኩል ሲሄዱ ሌሎቹ ለማዘናጊያ ወደ ፓስፊክ ተላኩ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሄደዋል፤ አጭሩ ላይ የሄደ የለም።

ርቀት ለጦር አውሮፕላን ቀልድ አይደለም። በፎክላንድ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1982 እንግሊዞች ከአሴንሽን ደሴት ስታንሊ ድረስ፣ ወደ 6,300 ኪሎ ሜትር፣ አንዲት የቨልካን ቦምብ ጣይ አድርሶ ለመመለስ 11 ነዳጅ ቀጂ አውሮፕላኖች አሰልፈዋል። ቀጂው ራሱ ሌላ ቀጂ ይፈልግ ነበር። እዚህ ላይ 1,700 ኪሎ ሜትር በካርታ ስሕተት ብትጨምሩበት ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ። ጋዜጣ ግን በማስመሪያ ይጨምረዋል፣ ማንም ነዳጅ አይጠይቀውም።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ የጦር ወሬ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጅማን ከመጀመሪያዎቹ የአገር ውስጥ መዳረሻዎቹ አንዷ ካደረጋት ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ እኛ ጅማዎች አውሮፕላን አይተን አድገናል። ዛሬ ከዚህ ከተማ ልጁ ዋሽንግተን ያልሄደበት ሰፈር ጥቂት ነው። የሄደ ሰው ወንበሩ ፊት ባለው ስክሪን ላይ መንገዱ ጎብጦ ሲያይ «ለምን ይዞራል?» ይላል። አይዞርም። የጎበጠው ካርታው ነው። ሲሄዱ አንድ ቦታ የሚያርፉበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ በሳሳ አየር ነዳጁን ሁሉ ሞልቶ መነሳት አይቻልም፤ ሲመለሱ በቀጥታ ይመጣሉ። ይህንንም አንድ ቀን ብትጽፉት አንባቢ አላችሁ።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ካርታውን አስተካክላችሁ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ስፋት አትሙት፤ በትንሽ ፊደል «እርማት» ብላችሁ በጥግ አትለፉት፣ ወሬው የተሠራጨው በትልቁ ነውና። ሁለተኛ፣ ከሥሩ «አጭሩ ርቀት» ብላችሁ ጻፉና «የበረራ መንገድ» የሚለውን ሰርዙት። ካርታውን የሚሠራው ባለሙያ ነጥቦቹን ከፈለገ በኬክሮስ ይኸውላችሁ፤ ከግሪንዊች 20 ዲግሪ ምዕራብ ላይ 70 ሰሜን፣ በ20 ምሥራቅ ላይ 65፣ በ30 ላይ ከ60 ትንሽ ከፍ ያለ፣ በ48 ላይ 46፣ በ54 ላይ 37፣ በ60 ላይ 25። እነዚህን እናንተ በተጠቀማችሁበት ጠፍጣፋ ካርታ ላይ አስቀምጦ ያገናኛቸው። ከአሜሪካ ተነስቶ ወደ ላይ ጎብጦ፣ እንደ ገደል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚወርድ መስመር ካልወጣው ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን አቀያይሯል ማለት ነውና እንደገና ይጀምር።

ከአክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊው፣ የቀድሞ የአየር ኃይል ፓራሹት ክፍል ባልደረባ
ፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ